ድጎማው ደረሰ፣ በሩ ግን አልተከፈተም

ትልቁ ቼክ አሁንም አለኝ። ከወፍራም ካርቶን የተሠራ፣ ቢያቆሙት ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ባንክ ቢወስዱት የማይመነዘር ቼክ። አራት ሆነን መድረክ ላይ ወጥተን፣ ግራና ቀኝ ይዘነው ፎቶ ተነስተናል። የሁላችንም ጥርስ ወጥቷል።

ያኔ ትንሽ ኩባንያ ነበረን። የአነስተኛ ነጋዴዎችን የዕለት ሽያጭ የሚመዘግብ አፕ ሠርተን ነበር። ሐሳባችን በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተን ለነጋዴው አጭር ብድር ማግኛ መንገድ መክፈት ነው። መንግሥት ለፋይናንስ ቴክኖሎጂ ጀማሪዎች ባዘጋጀው ፈንድ ተወዳድረን አለፍን።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡ ደረሰ። በአራት ተከፍሎ፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እየተጠየቅንበት፣ ግን ደረሰ። ያልደረሰው ሌላ ነገር ነው። አፑ እንዲሠራ ከክፍያ ሥርዓቱ ጋር መገናኘት ነበረበት። ፈንዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ያንን በር የሚከፍተው ሌላ። 14 ወር ጠበቅን። በ14 ወር ውስጥ ድጎማው ለቢሮ ኪራይና ለደሞዝ አለቀ። መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠንን ገንዘብ፣ በሌላ እጁ በዘጋው በር ደጃፍ ቁጭ ብለን በላነው።

ኩባንያው ከተዘጋ ቆየ። ቂም የለኝም። (እሺ፣ ትንሽ አለኝ።) ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጥሎብኝ ሄደ። መንግሥት «ፊንቴክን እደግፋለሁ» ሲል ገንዘቡ የት ቢያርፍ ነው ፍሬ የሚያፈራው? ከዚያ ወዲህ የሌሎች አገሮችን ታሪክ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁሌም የምጀምረው በሞባይል ስልክ ገንዘብ ከሚላክበት ከኬንያው ኤም-ፔሳ ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው «መንግሥት ዞር ስላለ የተሳካ» አድርጎ ነው። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ግን የመንግሥት እጅ ቢያንስ ሦስት ቦታ አለ።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። የልማት ተራድኦ መሥሪያ ቤቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የግል ኩባንያዎች ለድሆች የፋይናንስ አገልግሎት እንዲሞክሩ የሚያበረታታ ፈንድ ነበረው። ደንቡ ቀላል ነው፤ እኛ ይህን ያህል ስናወጣ እናንተም ከኪሳችሁ አውጡ። የእንግሊዙ ስልክ ኩባንያ የቮዳፎን ሰው ኒክ ሂውዝ አመለከተ፤ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አገኘ። ለቮዳፎን ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ታዲያ ምን ጠቀመ? ሂውዝ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ ሐሳቡ በኩባንያው ውስጥ ከሌሎች ፕሮጀክቶች ጋር ለካፒታል ቢወዳደር ኖሮ አያሸንፍም ነበር። ትርፉ ሩቅ ነው፣ ገበያው ድሃ ነው፣ ሥራው ከስልክ ኩባንያ ሥራ ውጭ ነው። የውጭ ገንዘብ መምጣቱ ያንን ወረፋ አስዘለለው። ድጎማው የገዛው ጊዜንና የአለቆችን ትዕግሥት ነበር።

ሁለተኛው የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ነው። አገልግሎቱ በመጋቢት 2007 ሲጀመር ስለ ሞባይል ገንዘብ የሚደነግግ ሕግ አልነበረም። ባንኩ «ሕግ እስኪወጣ ጠብቁ» ማለት ይችል ነበር። ለማለት ደግሞ ሰበብ አያጣም። እሱ ግን «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ቅድመ ሁኔታም አስቀመጠ፦ የደንበኞች ገንዘብ አገልግሎቱን ከሚሰጠው ከሳፋሪኮም (ቮዳፎን ድርሻ የነበረው የኬንያ ስልክ ኩባንያ ነው) ገንዘብ ጋር አይቀላቀል፣ ተለይቶ በአደራ ሒሳብ ባንክ ይቀመጥ። አንድ ደብዳቤ ነው። ወጪው የወረቀትና የቀለም። እኛ 14 ወር የጠበቅነው የዚህን ደብዳቤ ታናሽ ወንድም ነበር።

ሦስተኛውን እጅ ሰው ብዙ አያነሳውም። አገልግሎቱ ሲጀመር የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮም ትልቁ ባለድርሻ ነበር። በ2008 ሩቡን ለሕዝብ ሲሸጥ 35 በመቶ ለራሱ አስቀረ። ስለዚህ ማዕከላዊ ባንኩ በር የከፈተለት ኩባንያ የመንግሥት ንብረትም ነበር። ይህ በጎም ክፉም ጎን አለው። ባንኮች ሲያጉረመርሙ ኤም-ፔሳ ጠበቃ አላጣም። ሌላ የስልክ ኩባንያ ወይም እንደ እኛ ያለ አራት ሰው ያለው ቢሮ በዚያው በር ለመግባት ቢመጣ ያው ደግነት ይጠብቀው ነበር? አላውቅም፤ እጠራጠራለሁ። ዳኛው የአንዱ ቡድን ባለድርሻ በሆነበት ሜዳ፣ ዳኛው ጨዋ ቢሆን እንኳ፣ ሌላው ተጫዋች በሙሉ ልቡ አይሮጥም።

ሕንድ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። እዚያ መንግሥት መጀመሪያ ገንዘቡን ያፈሰሰው ፊንቴክ የሚባል ነገር ላይ አልነበረም። በ2009 የመታወቂያ ባለሥልጣን አቋቋመና ለሰው ሁሉ አሻራና ዓይን የተመዘገበበት ቁጥር፣ አድሃርን፣ መስጠት ጀመረ። በ2014 ደግሞ ሒሳብ ላልነበራቸው ሰዎች የባንክ ሒሳብ የማስከፈት ዘመቻ ተጀመረ። ከእነዚህ ጎን ለጎን በ2008 በማዕከላዊ ባንኩና በባንኮች ማኅበር የተመሠረተ፣ ለትርፍ የማይሠራ የክፍያ ኮርፖሬሽን ነበር። ይኸው ድርጅት በሚያዝያ 2016 ዩፒአይን ይዞ መጣ። ዩፒአይ ማለት ከየትኛውም ባንክ ወደ የትኛውም ባንክ፣ በየትኛውም አፕ፣ በቅጽበት የሚከፈልበት የጋራ መስመር ነው። በነሐሴ 2023 በአንድ ወር ብቻ ከ10 ቢሊዮን በላይ ክፍያ ተላልፎበታል።

የእኔ ቢጤው ጀማሪ እዚያ ቢሆን ብዬ አስባለሁ። ደንበኛዬን ማን መሆኑን ለማረጋገጥ አዲስ ሥርዓት አልገነባም። ከ50 ባንክ ጋር 50 ውል አልፈራረምም። ወጪዬ አፑ ላይ ብቻ ይሆናል። መንግሥት ለእኔ ሳንቲም ሳይሰጠኝ፣ ቼክ ሳያስይዘኝ፣ ከየትኛውም ድጎማ የበለጠ ረዳኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያምር ነበር። ግን የሕንድ መንገድ ሁለት ጣጣ አመጣ፤ ሁለቱም የፖሊሲው ልጆች ናቸው።

አንደኛው ክፍያው ነፃ መሆኑ ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ ነጋዴው ዩፒአይ ሲቀበል ምንም ኮሚሽን እንዳይከፍል መንግሥት ወሰነ። ተጠቃሚው ወደደው፤ ማን ይጠላል። ባንኮቹና አፕ ሠሪዎቹ ግን ሰርቨር ያቆማሉ፣ ማጭበርበር ይከላከላሉ፣ ደንበኛ ሲጮህ ስልክ ያነሳሉ። ይህን ሁሉ ማን ይክፈል? መንግሥት በዓመት በጀት ድጎማ መመደብ ጀመረ። ለመጀመሪያው ዓመት የተፈቀደው 13 ቢሊዮን ሩፒ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጀት ሲቃረብ «ዘንድሮስ ስንት ይሆን?» የሚል ጥበቃ አለ። ኩባንያዎቹ ገቢያቸውን ከደንበኛ ኪስ ሳይሆን ከበጀት ሰነድ ላይ መፈለግ ለመዱ። መንገዱን ነፃ ስታደርግ የጥገናውን ወጪ አታጠፋውም፤ ሌላ ቦታ ትደብቀዋለህ እንጂ።

ሁለተኛው መንገዱ የሕዝብ ሆኖ መኪናው የጥቂቶች መሆኑ ነው። ከክፍያው 80 በመቶ ገደማ የሚያልፈው በሁለት አፖች በኩል ነው፤ ፎንፔና ጎግል ፔይ። የመጀመሪያው የዋልማርት፣ ሁለተኛው በስሙ የሚታወቀው ነው። ኮርፖሬሽኑ በኅዳር 2020 አንድ አፕ ከ30 በመቶ በላይ እንዳይዝ ገደብ አወጣ። ግን ገደቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ተራዘመ፤ በመጨረሻ ወደ 2026 ማብቂያ ተገፋ። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ለደንበኛው «ከነገ ጀምሮ በዚህ አፕ አትክፈል» ብሎ የሚነግረው ማነው? ኮሚሽን በሌለበት ገበያ የሚቆየው ዓመታት ኪሳራ መሸከም የሚችል ነው። ትንሹ ኩባንያ በነፃው መንገድ ላይ ነዳጅ ያልቅበታል።

ብራዚልንም እዚህ ጋ ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም በር ስለመክፈት በጣም ደፋር የሆነችው እሷ ትመስለኛለች። ማዕከላዊ ባንኩ ፒክስ የተባለውን የቅጽበት ክፍያ መስመር ራሱ ሠራ፣ ራሱ ያስተዳድረዋል። በኅዳር 2020 ሲጀመር ከ500 ሺህ በላይ ደንበኛ ሒሳብ ያለው ተቋም ሁሉ መግባት ግዴታው ሆነ። ፈቃደኝነት የለም። ትልልቆቹ ባንኮች «እናስብበት» እያሉ ዓመት የሚጎትቱበት ቀዳዳ ተደፈነ። ከዚያ በፊት በሰኔ 2020 ዋትስአፕ በብራዚል ክፍያ ሲጀምር ያው ባንክ በቀናት ውስጥ አስቆመው። ተቺዎች ለራሱ ለፒክስ ቦታ እያስጠበቀ ነው አሉ። መንገድ ሠሪውና ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ሰው ሲሆን እንዲህ ያለ ሐሜት አይቀርም። እውነትም ይሁን አይሁን።

ከዚያው አገር አንድ የምወደው ጉዳይ አለ። ኑባንክ በ2013 ሲመሠረት ባንክ አልነበረም፤ ካርድ የሚሰጥ ኩባንያ ነበር። ገንዘቡ የመጣው በአብዛኛው ከውጭ ኢንቨስተሮች ነው። የብራዚል ሕግ ደግሞ የውጭ ሰው የፋይናንስ ተቋም መቆጣጠር ከፈለገ የፕሬዚዳንት ድንጋጌ ይጠይቅ ነበር። ኑባንክ ያንን ፊርማ ያገኘው በጥር 2018 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ደንቡ ላላ፤ ለአዳዲስ የብድር ፊንቴኮች በሩ ሰፋ። ኑባንክ በታኅሣሥ 2021 ኒውዮርክ ገበያ ሲገባ ዋጋው ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኢንቨስተር ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት የሚጠይቀው «መውጫዬስ?» ብሎ ነው። የባለቤትነት ጣሪያ፣ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ፣ አክሲዮን የመሸጥ መብት፤ እነዚህ ሲደበዝዙ ጀማሪው ኩባንያውን አሜሪካ ዴላዌር ወይም ሲንጋፖር ሄዶ ያስመዘግባል። ሠራተኛው እዚህ፣ ባለቤትነቱ እዚያ። ግብሩን በኋላ ተከትሎ መሮጥ ከንቱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ፖሊሲው ሳያስበው ልጅ ይወልዳል። በአሜሪካ የ2010ሩ የፋይናንስ ሕግ ውስጥ ነጋዴው ለካርዱ ባንክ የሚከፍለውን የዴቢት ካርድ ኮሚሽን የሚገድብ አንቀጽ ገባ፤ ባቀረቡት ሴናተር ስም ደርቢን ይባላል። በአንድ ግብይት በአማካይ 44 ሳንቲም ገደማ የነበረው፣ ወደ 21 ሳንቲምና ጥቂት ጭማሪ ወረደ። ገደቡ ግን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸውን ባንኮች ብቻ ነው የሚነካው። ትንንሾቹ እንዲጠበቁ ታስቦ። እና ምን ሆነ? እንደ ቻይም ያሉ፣ በአፕ የባንክ አገልግሎት የሚሰጡ ኩባንያዎች ራሳቸው ባንክ ሳይሆኑ ከትንንሽ ባንኮች ጋር ተጣመሩ። ካርድ በተሳበ ቁጥር ያልተገደበውን ኮሚሽን ይካፈላሉ፤ ለደንበኛው «የወር ክፍያ የለም» ይላሉ። አንድ ሙሉ የንግድ ዘዴ በአንድ የሕግ አንቀጽ ሽንቁር በኩል በቀለ። ሕጉን ሲጽፉ ስለ ፊንቴክ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

እንግሊዞች ለጀማሪ ኩባንያ አክሲዮን ለሚገዛ ሰው ጥሩ የግብር እፎይታ ይሰጣሉ። በ2012 በተጀመረው መርሐ ግብር ካወጣው ገንዘብ ግማሹን ከገቢ ግብሩ ይቀነስለታል። ግን ባንክ፣ ኢንሹራንስና ገንዘብ ማበደር ከእፎይታው ውጭ ናቸው። ስለዚህ ፊንቴኩ ለግብር ሰብሳቢው ሲያመለክት «እኔ ሶፍትዌር ነኝ» ይላል፤ ለደንበኛው ሲያስተዋውቅ «እኔ አዲሱ ባንክህ ነኝ» ይላል። እኛም ይህን ጨዋታ ተጫውተናል። የፈንዱ ማመልከቻ ላይ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍነው ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ድጎማ ግን ከቅጣት የተወለደው ነው። በ2008 ቀውስ የእንግሊዝ መንግሥት ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድን በ45 ቢሊዮን ፓውንድ አዳነ። የአውሮፓ ኮሚሽን «ይህን ያህል የመንግሥት ገንዘብ ከበላ፣ ከቅርንጫፎቹ ከፊሉን ይሽጥ» አለ። ሽያጩ ዓመታት ፈጅቶ አልሆነም። በ2017 በምትኩ ባንኩ ለተወዳዳሪዎቹ ገንዘብ እንዲሰጥ ተስማሙ። እንዲያው አስቡት፤ ትልቁ ባንክ የሚወዳደሩትን ትንንሾች ከኪሱ እንዲደግፍ! በየካቲት 2019 ሜትሮ ባንክ 120 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ስታርሊንግ 100 ሚሊዮን፣ ክሊርባንክ 60 ሚሊዮን ደረሳቸው። ትልቁን ድርሻ ያገኘው ሜትሮ ባንክ በዓመቱ የገባውን ቃል እንደማይችለው አይቶ 50 ሚሊዮኑን መለሰ። ስታርሊንግ ግን በትንንሽ ድርጅቶች ገበያ ሥር ሰደደ። የተወዳዳሪዎቹን አቅም የሚመዝነው ኮሚቴ ብልህ ሰው አጥቶ አይመስለኝም። አሸናፊን አስቀድሞ መምረጥ በቃ ከባድ ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

በጉጉት በር መክፈትም የራሱ አበሳ አለው። በ2014 የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ለምክር ቤቱ ባቀረቡት ሪፖርት የኢንተርኔት ፋይናንስ እንዲያድግ እንደሚደገፍ ተናገሩ። ሰው ለሰው በቀጥታ የሚያበድርባቸው መድረኮች በሺዎች ፈሉ። ሕዝቡ «መንግሥት አለበት» ብሎ አመነ። ጎርፍ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ አንዱ መድረክ፣ ኢዙባኦ፣ ከ900 ሺህ ገደማ ሰዎች ከ50 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ሰብስቦ በ2016 መጀመሪያ ማጭበርበር መሆኑ ተገለጠ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያው መጣ። በኅዳር 2020 ከነበሩት ሺዎች አንድም አልቀረም፤ ዜሮ። ደህናውም ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ተጠረገ። በዚያው ወር የአሊፔይ ክፍያ አፕ ባለቤት የሆነው የአንት አክሲዮን ሽያጭ፣ ወደ 34 ቢሊዮን ዶላር ሊሰበስብ የነበረው፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ታገደ። ከአንት ባለድርሻዎች አንዱ የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ነበር። የመንግሥት አንድ እጅ የገዛውን ሌላው እጅ አስቆመ። ካርቶን ቼኬን ያስታወሰኝ ይሄ ነው፤ መጠኑ አይገናኝም እንጂ።

ባለፈው አንድ ወጣት ደወለልኝ። የድሮ ባልደረባዬ ስልኬን ሰጥቶት ነው። «ጋሼ፣ ለፈንድ ላመለክት ነው፣ ሐሳቤን ያዩልኛል?» አለኝ። አየሁለት። ሐሳቡ ከእኛው የተሻለ ነው፤ ጽሑፉም «ፈጠራ» የሚለውን ቃል በልክ ነው የተጠቀመው።

«የክፍያ ሥርዓቱ ግንኙነትስ?» አልኩት።

«እሱማ ፈንዱን ካገኘን ቀላል ነው ብለውናል።»

«ማን ነው ያለህ?»

ዝም አለ። ፈንዱን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው ያሉት። በሩን የሚከፍቱትን አልጠየቀም። እንዲጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲቀበል፣ ከዚያ በፊት ቢሮ እንዳይከራይና ሰው እንዳይቀጥር ነገርኩት። «ምን ያህል ልጠብቅ?» ሲለኝ 14 ወር የሚለው ቁጥር አፌ ላይ መጥቶ ተውኩት። ምን አስፈራዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። አሸንፏል። ስድስት ሆነው መድረክ ላይ ቆመዋል፣ ጥርሳቸው ወጥቷል። ስለ ደብዳቤው ስጠይቀው «በሂደት ላይ ነው ጋሼ» አለኝ። የእሱ ቼክ ከእኔው ይበልጣል፤ አንገቱ ድረስ ይደርሳል።